የአገር የመረጃ ሀብት አጠቃቀም እንዴት ይለካል?

ጥያቄ፦ «አንድ አገር የመረጃ ሀብቱን ምን ያህል እየተጠቀመበት እንደሆነ የሚያሳይ ዓመታዊ ዘገባ እንድናዘጋጅ ታዘናል። እስካሁን የሰበሰብነው የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን፣ የሞባይል ደንበኞችን፣ የመንግሥት ድረ ገጾችንና የኮምፒውተሮችን ብዛት ነው። ይህ ይበቃል? ካልበቃ ምን እንለካ? እንዴትስ ወደ አንድ ቁጥር እናምጣው?»

መልስ፦

አይበቃም። የሰበሰባችሁት የሚጣል አይደለም፤ ግን የሚናገረው ስለ ቧንቧው ነው። በቧንቧው ውስጥ ምን እንደሚፈስና የማን ማሳ ላይ እንደደረሰ አይነግራችሁም። ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ ድረ ገጽ ከፍቶ፣ የጤና ኃላፊው ግን ክትባት የሚያዘው አሁንም በግምት ሊሆን ይችላል። መለካት ያለበት አገሪቱ ያላት መረጃ ለሚያስፈልገው ሰው በሚያስፈልገው ጊዜ ደርሶ በሥራው ላይ ለውጥ ማምጣቱ ነው። ይህን በቀጥታ የሚለካ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ዓለም አቀፍ ቁጥር የለም። ልትሠሩት ግን ትችላላችሁ፤ መንገዱን በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ከሁሉ በፊት «የመረጃ ሀብት» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አጽድቁ። የልደትና የሞት መዝገብ፣ የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ የንግድ ድርጅቶች መዝገብ፣ የሕዝብ ቆጠራና የቤተሰብ ዳሰሳ ውጤቶች፣ የአየር ጠባይና የወንዝ ፍሰት ልኬቶች፣ ካርታዎች፣ የበጀትና የግዥ ሰነዶች፣ ሕጎችና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች፣ የምርምር ውጤቶች፣ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የያዙት ሁሉ የመረጃ ሀብት ነው። ኬብሉ፣ ሰርቨሩና ኮምፒውተሩ ግን ማድረሻ መሣሪያ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ከደባለቃችሁ፣ ኮምፒውተር በብዛት የተገዛበት ዓመት መረጃ በብዛት ሥራ ላይ የዋለበት ዓመት መስሎ ይታያል። በዚህ ዘርፍ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ ይህኛው በጣም የተለመደ ነው፤ ገንዘብን ወደ ተሳሳተ ቦታ ስለሚመራም ጉዳቱ ከባድ ነው።

ቀደም ያሉት መለኪያዎች የቱን እንደሚለኩ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለቆቻችሁ «ለምን ያንን አትወስዱም?» ማለታቸው አይቀርምና። ኢኮኖሚስቱ ፍሪትዝ ማክለፕ በ1962 (በዚህ መልስ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ የእውቀት ምርትና ስርጭት በ1958 ከጠቅላላ ብሔራዊ ምርቱ 29 በመቶ ገደማ መድረሱን አሰላ። ማርክ ፖራት በ1977 ስሌቱን አስፍቶ የ1967ን ድርሻ 46 በመቶ አካባቢ አደረሰው። ሁለቱም የለኩት መረጃ በኢኮኖሚው ውስጥ የያዘውን ቦታ ነው፤ በአግባቡ ስለመዋሉ አይናገሩም። ጃፓኖች በ1960ዎቹ በነፍስ ወከፍ የሚደረግ የስልክ ጥሪን፣ የጋዜጣና የመጽሐፍ ስርጭትን፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ብዛትን፣ የተማሪዎችን ድርሻ አንድ ላይ አድርገው የመረጃ አመልካች፣ ማለትም ከብዙ ጠቋሚዎች የተጠቃለለ አንድ ቁጥር ሠሩ። ቻይና በ2001 ያወጣችው ባለ 20 ጠቋሚ አመልካች ደግሞ «የመረጃ ሀብት ልማትና አጠቃቀም»ን ከስድስቱ ዘርፎች አንዱ አድርጎ በስሙ ጠርቶታል፤ ይህ ለጥያቄያችሁ ቅርብ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚጠቀሱት ሌሎች ናቸው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አመልካች ከ2009 ጀምሮ ሲወጣ በ11 ጠቋሚዎች የተሠራ ሆኖ 40 በመቶውን ለተደራሽነት፣ 40 በመቶውን ለአጠቃቀም፣ 20 በመቶውን ለክህሎት ይሰጥ ነበር። ከ2017 በኋላ ተቋርጦ በ2023 በአዲስ አሠራር ተመልሷል። በውስጡ «አጠቃቀም» የተባለው የኢንተርኔት አጠቃቀም ነው፤ ሰውየው በኢንተርኔቱ የአየር ትንበያ ያንብብ ወይም ፊልም ይመልከት አይለይም። የተባበሩት መንግሥታት የኤሌክትሮኒክ መንግሥት አመልካች በየሁለት ዓመቱ 193 አባል አገሮችን በሦስት እኩል ክፍሎች ማለትም በኦንላይን አገልግሎት፣ በቴሌኮም መሠረተ ልማትና በሰው ሀብት ይመዝናል። ይህ አንጻራዊ መለኪያ ነው፦ አገልግሎታችሁ ተሻሽሎም ሌሎች በፍጥነት ከሮጡ ደረጃችሁ ይወርዳል። የዓለም ባንክ በ2021 ያወጣው የስታቲስቲክስ አፈጻጸም መለኪያ አምስት ምሰሶዎች አሉት፤ የመጀመሪያው «የመረጃ አጠቃቀም» ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም አጠቃቀምን የሚመዝነው በአብዛኛው ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የአገሪቱን መረጃ መጠቀም ችለዋል ወይ ብሎ ነው፤ በአገር ውስጥ የተወሰነን ውሳኔ ከፍቶ አያይም። ያን ማየት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። አንድ መረጃ ከተመዘገበበት ቦታ ተነስቶ ጥቅም እስኪሰጥ አምስት በሮች ያልፋል፦ መኖር፣ መታወቅ፣ መድረስ፣ ለሥራ መመቸት እና ሥራ ላይ መዋል። በየበሩ ከሚንጠባጠበው የቀረው ነው የሚጠቅመው። ምሳሌ እንውሰድ። ሊኖሩ ከሚገባቸው ቁልፍ የመረጃ ስብስቦች 95 በመቶው አለ፤ ካለው 80 በመቶው መኖሩ በዝርዝር ይታወቃል፤ ከሚታወቀው 60 በመቶው ለጠየቀ ይደርሳል፤ ከሚደርሰው 70 በመቶው ጊዜው ያላለፈበትና በማሽን ሊነበብ የሚችል ነው፤ ከዚህ ውስጥ 40 በመቶው በአንድ ውሳኔ ወይም አገልግሎት ላይ ውሏል እንበል። 0.95 × 0.80 × 0.60 × 0.70 × 0.40 = 0.128። ከመቶው አስራ ሦስት አይሞላም ማለት ነው። አሁን አምስት ነጥብ የማሻሻል አቅም አላችሁ እንበል። የመጀመሪያውን በር ከ95 ወደ 100 ብታሳድጉ ውጤቱ 13.4 ይሆናል፤ የመጨረሻውን ከ40 ወደ 45 ብታሳድጉ 14.4። ጥረቱ የሚያዋጣው በጣም በጠበበው በር ላይ ነው፤ ሠንጠረዡ ዋጋ የሚኖረው ያንን በር ሲያሳይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ማባዛቱ የሚሠራው የእያንዳንዱ በር ማካፈያ ቁጥር ቀዳሚውን በር ያለፉት ብቻ ሲሆኑ ነው። «የሚደርስ 60 በመቶ» ያላችሁት ከሚታወቁት መሆኑ ቀርቶ ከጠቅላላው ከሆነ ስሌቱ አንድን ጉድለት ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

መጀመሪያ ቆጠራ ይካሄድ። የአገሪቱን መረጃ ሁሉ ለመመዝገብ አትነሱ፤ እንዲህ የተጀመረ ቆጠራ አያልቅም፣ ሲያልቅም መጀመሪያ የተመዘገበው አርጅቶ ይገኛል። ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ ቁልፍ ስብስቦችን ከየዘርፉ ምረጡ። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይኑረው፤ በመስመሩም ባለቤቱ መሥሪያ ቤት፣ በስንት ጊዜ ሊታደስ እንደሚገባ፣ መጨረሻ የታደሰበት ቀን፣ የሚሸፍነው አካባቢና ጊዜ፣ ቅርጸቱ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱ፣ ዋጋ ካለው ዋጋው፣ መለያ ቁጥሩና መግለጫ ሰነዱ ይመዝገቡ። መለያ ቁጥር የሚለውን አትዝለሉት። የንግድ መዝገቡ ድርጅቶችን በአንድ ቁጥር፣ የግብር መዝገቡ በሌላ ቁጥር የሚጠራቸው ከሆነ ሁለቱ መዝገቦች ለየብቻ ጥሩ ቢሆኑም አብረው አይሠሩም። ጠቃሚ መረጃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ከመገናኘታቸው ነው።

ቅርጸትን ስትመዘኑ ባለቤቱ «አለን» ስላለ አትመኑ፤ ፋይሉን አውርዳችሁ ክፈቱት። በወረቀት ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በስካነር ተነስቶ በፒዲኤፍ የተጫነ ሠንጠረዥ ለዓይን መረጃ ነው፤ ለማሽን ግን ፎቶ ነው። ተጠቃሚው 300 ረድፍ በእጁ መልሶ ይጽፋል፤ ሲጽፍም 3ን 8 ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ፋይል ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ 1 ስጡት፤ በኤክሴል ሆኖ በተዋሃዱ ሕዋሳትና በቀለም ትርጉም የተሞላውን 2፤ በንጹሕ ሲኤስቪ (ማንኛውም ፕሮግራም የሚያነበው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ከመግለጫ ሰነድ ጋር የተቀመጠውን 3፤ በኤፒአይ (አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ የሚጠይቅበት መንገድ) በቀጥታ የሚጠራውን 4። ፍቺው በጽሑፍ ከሌለ ግን ምንም ንጹሕ ቢሆን ከ2 አይለፍ፤ «ተቀጣሪ» የሚለው ዓምድ ጊዜያዊ ሠራተኛን መጨመር አለመጨመሩን የማያውቅ ሰው አይጠቀምበትም፣ ቢጠቀምበትም ይሳሳታል።

ዋናው ሥራ አምስተኛው በር ላይ ነው። ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ «አጠቃቀም አይለካም» ብለው ያቆማሉ። ይለካል፤ በአንድ መሣሪያ ብቻ ግን አይደለም። አራት መንገዶች አሉ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት ይይዛል።

የመጀመሪያው የሰርቨር መዝገብ ነው። ርካሽ ነው፣ አታላይም ነው። አንድ የመረጃ ቋት በዓመት 48,000 ጊዜ ወርዷል ተባለ እንበል። 31,000ው የፍለጋ ሮቦቶችና ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ሆኖ ተገኘ፤ 17,000 ቀረ። 6,500ው ከአንድ አድራሻ በ30 ደቂቃ ውስጥ የተደጋገመ ነው፣ ማለትም ኔትወርኩ ሲቋረጥ እንደገና የተሞከረ፤ 10,500 ቀረ። 4,000ው ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ነው። እውነተኛው የውጭ አጠቃቀም 6,500፣ ማለትም 13.5 በመቶ ብቻ ሆነ። ዘገባችሁ ላይ የሚገባው ይህ የተጣራው ቁጥር ነው፤ የማጣሪያው ደንብም በየዓመቱ ሳይለወጥ አብሮ ይታተም። ሮቦትን ለመለየት ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ስም ብቻ አትመልከቱ፤ በሰከንድ የሚጠራውን ብዛትና ሌሊትም ቀንም ያለማቋረጥ መሥራቱን እዩ። በኤፒአይ የሚሰጥ መረጃ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው፦ አንድ መተግበሪያ ሚሊዮን ጊዜ ቢጠራው ከጀርባው አንድ ሰው ይሁን መቶ ሺህ ሰው አይታወቅም። ስለዚህ የጥሪ ብዛትን ትታችሁ በየወሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተጠቀሙ የተመዘገቡ ቁልፎችን (ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚሰጡ የመግቢያ ኮዶችን) ቁጠሩ።

ሁለተኛው የጥያቄ ሙከራ ነው። ተራ ዜጋ የሚጠይቃቸውን 50 ያህል ጥያቄዎች አዘጋጁና በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በኢሜይልና በአካል ለመሥሪያ ቤቶች አቅርቡ። ጠያቂው ራሱን «ከእገሌ ቢሮ ነኝ» ብሎ ማስተዋወቅ የለበትም፤ ካስተዋወቀ የሚለካው የባለሥልጣን እንጂ የዜጋ መስተንግዶ ነው። የተጠየቀበት ቀን፣ መልስ የመጣበት ቀን፣ ስንት ሰው ጋ እንደተላለፈ፣ የተከፈለ ካለ፣ መልሱ ሙሉ ወይም ጎዶሎ መሆኑ ይመዝገብ። ተመሳሳይ ጥያቄ በወንድና በሴት፣ በዋናው የሥራ ቋንቋና በሌላ የአገሬው ቋንቋ ይቅረብ፤ ልዩነቱ ራሱን የቻለ ውጤት ነው። በዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥ 16.10.2 የተባለው ጠቋሚ አገሮች የመረጃ ነጻነት ዋስትና አውጥተው ተግባራዊ ማድረጋቸውን ይከታተላል፤ ሕጉ መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው፣ ትግበራውን ግን እንዲህ ያለ ሙከራ ነው ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔን ወደ ኋላ መከተል ነው። በዓመቱ ከተሰጡ ውሳኔዎች ማለትም ከመመሪያዎች፣ ከበጀት ድልድሎች፣ ከፕሮጀክት ማጽደቂያዎች ዝርዝር በዕጣ ናሙና ውሰዱ። አለቃ የመረጠላችሁን አትቀበሉ። ስህተቱ ከ10 ነጥብ እንዳይበልጥ በ95 በመቶ መተማመኛ ከፈለጋችሁ 96 ሰነድ ያስፈልጋል፤ በአጠቃላይ ያሉት 300 ብቻ ከሆኑ 73 ይበቃል። በእያንዳንዱ ላይ የጀርባ ማስረጃውን ከፍታችሁ ነጥብ ስጡ፦ ምንም መረጃ ካልተጠቀሰ 0፤ ቁጥር ተጠቅሶ ምንጭ ከሌለው 1፤ ምንጭ ያለው መረጃ ለማስጌጫ ብቻ ከገባ 2፤ መረጃው አማራጮችን ለማወዳደር ውሎ አንዱ ስለተሻለ የተመረጠ ከሆነ 3። በ2 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት የሥራው ሁሉ ልብ ነው። መግቢያው ላይ የሕዝብ ቁጥር ጠቅሶ ገንዘቡን ለሁሉም እኩል ያካፈለ ሰነድ 2 ነው፤ በዚያው ቁጥር መሠረት ያካፈለ 3 ነው።

ነጥቡን ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይስጡ። ስምምነታቸውን ስታሰሉ በአጋጣሚ የሚገጥመውን ቀንሱ። ሁለቱ በ75 በመቶው ተስማምተው በአጋጣሚ የሚጠበቀው 35 በመቶ ከሆነ፣ (0.75 − 0.35) ÷ (1 − 0.35) = 0.62። ይህ ከ0.60 ከወረደ ሰዎቹን አትገሥጹ፤ የነጥቡን ፍቺ አርሙና እንደገና ጀምሩ።

በዚሁ ናሙና ላይ የመረጃውን ዕድሜም መዝግቡ፤ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ላይ መረጃው የሚናገርለትን ቀን ቀንሱ። የታተመበትን ቀን አይደለም፤ ዛሬ የታተመ ዘገባ ከአራት ዓመት በፊት የነበረን ሁኔታ ሊናገር ይችላል። ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ሕዝቧ በዓመት 2.5 በመቶ የሚያድግ አገር ከ9 ዓመት በፊት የተካሄደ ቆጠራን እንዳለ ብትጠቀም ትክክለኛው ቁጥር ከያዘችው በ25 በመቶ ይበልጣል። እድገት አስልታ ብታስተካክልም ሰው ከቦታ ቦታ ሲፈልስ በየአካባቢው ያለው ስህተት ከዚህ ሊብስ ይችላል። በዚህ የተነሳ የተከተቡት ሕፃናት ከእውነተኛው ላነሰ የሕዝብ ቁጥር ሲካፈሉ፣ አንዱ አካባቢ የክትባት ሽፋኑ 104 በመቶ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከመቶ በላይ መሆን ስለማይችል 100 ተብሎ ይታረምና ይታለፋል። ያልተከተቡ ሕፃናት ግን ያሉት እዚያው፣ ሁሉም ተከትቧል በተባለበት ቦታ ነው። መረጃው አለ፣ ተደራሽ ነው፣ ሥራ ላይም ውሏል፤ ያረጀ በመሆኑ ግን የሚጎዱት ማንም ያልቆጠራቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት ዕድሜን እንደ ተጨማሪ ማስታወሻ አትዩት፤ በዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ።

አራተኛው የቅጽ ፍተሻ ነው፣ ቀላልም ነው። ዜጎች በብዛት የሚሞሏቸውን 20 ቅጾች ሰብስቡ። በየቅጹ ያለውን እያንዳንዱን ባዶ ቦታ እያነሳችሁ «ይህን መንግሥት በሌላ መዝገቡ ይዞታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለንግድ ፈቃድ በሚሞላ 40 ቦታ ባለው ቅጽ ላይ ስሙ፣ የትውልድ ቀኑ፣ አድራሻው፣ የግብር ቁጥሩ፣ የይዞታ ማረጋገጫው እያለ 26ቱ አስቀድሞ በመዝገብ ያሉ ሆነው ቢገኙ፣ ከመቶ 65ቱ ዜጋው መንግሥት የሚያውቀውን ለመንግሥት እየመለሰ የሚጽፍበት ድካም ነው። በ2001 ኤክስ ሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ የጀመረችው ኢስቶኒያ አንድን መረጃ ከሰው አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቅን ደንብ ማድረጓ ያመጣው ውጤት የሚታየው በዚህ መለኪያ በኩል ነው። ቅጽ የማይዋሽ ማስረጃ ነው፤ ማንም ለዘገባ ብሎ አያሳምረውም።

አሁን ወደ አንድ ቁጥር ማምጣት። የተለያየ መለኪያ ያላቸውን ውጤቶች መጀመሪያ ከ0 እስከ 100 ባለው አንድ ሚዛን ላይ አስቀምጡ። የመነሻና የመድረሻ ነጥቦቹን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በዚያ ዓመት ከተገኘው ዝቅተኛና ከፍተኛ ውጤት አትውሰዷቸው፣ ያኔ በየዓመቱ ሚዛኑ ስለሚቀየር ዓመትን ከዓመት ማወዳደር አይቻልም። ለምሳሌ የመልስ ጊዜ 5 ቀን ሲሆን 100፣ 60 ቀን ሲሆን 0 ብትሉ፣ 20 ቀን የወሰደ መልስ (60 − 20) ÷ (60 − 5) × 100 = 72.7 ያገኛል። ከ60 ቀን ያለፈ ሁሉ 0 ነው፤ መልስ ያልመጣለትም እንዲሁ። መልስ ያልመጣላቸውን ከስሌቱ ማውጣት ከባድ ስህተት ነው፤ ከ50 ጥያቄ 10 ብቻ የመለሰ መሥሪያ ቤት በፍጥነቱ አንደኛ ሆኖ ይወጣል።

አማካዩን በምን እናውጣ? ሦስት ዘርፎች 80፣ 80 እና 20 ያገኙባት አገር በተለመደው አማካይ 60 ይደርሳታል፤ ሦስቱም 60፣ 60፣ 60 ከሆኑላት አገር ጋር እኩል ትሆናለች። በጂኦሜትሪክ አማካይ ማለትም ሦስቱን አባዝቶ ሦስተኛ ሥሩን በመውሰድ ግን የመጀመሪያዋ 50.4፣ ሁለተኛዋ 60 ያገኛሉ። መረጃ በአንዱ በር ላይ ከታገደ የሌሎቹ መከፈት አያካክሰውምና ለዚህ ጉዳይ ሁለተኛው ይሻላል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምም የሰብአዊ ልማት አመልካቹን በ2010 ከመደበኛው አማካይ ወደ ጂኦሜትሪክ የለወጠው የአንዱ ዘርፍ ድክመት በሌላው እንዳይሸፈን ነው። ዜሮ ያለበት ግን ሁሉንም ዜሮ ስለሚያደርግ ዝቅተኛውን ወሰን 1 አድርጉት፣ ይህንንም ጻፉት።

ክብደት ስትሰጡ ለእኩልነት ብላችሁ ብቻ እኩል አትስጡ፤ የባለሙያዎች ጉባኤ ጠርታችሁ «ይህ 30 ይሁን ያ 10» እያላችሁም ሳምንት አትጨርሱ። በአንድ መነሻ ጀምሩና ፈትኑት፦ እያንዳንዱን ክብደት በየተራ በ25 በመቶ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ውጤቱን እንደገና አስሉ። የአካባቢዎች ወይም የዘርፎች ቅደም ተከተል ካልተናወጠ ክርክሩ ትርጉም የለውም። ከተናወጠ ቅደም ተከተል አታትሙ፤ «ላይኛው፣ መካከለኛው፣ ታችኛው» ብላችሁ በምድብ አውጡት።

የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ልጨምር። ደንበኛ ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ሁለት ሲም ካርድ ሲይዝ ከመቶ ሰው 120 ደንበኛ ይወጣል፣ ስለዚህ የሰው ቁጥር ከፈለጋችሁ የቤተሰብ ዳሰሳ እንጂ የቴሌኮም ሪፖርት አይበቃም። መሥሪያ ቤት ራሱን የሚመዝንበት መጠይቅም ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ የግድ ከተጠቀማችሁበት ከአስሩ አንዱን በአካል ሂዱና አረጋግጡ፣ የተገኘውን ልዩነትም ግለጹ። የአገሩ አማካይ ገጠርንና ከተማን፣ ማየት ለተሳናቸው የሚነበብና የማይነበብ ገጽን ይደብቃል፤ ዘገባው በአማካይ ብቻ አይውጣ። ዝግ መሆኑን ሁሉ ጉድለት አድርጋችሁም አትቁጠሩ፦ የታካሚ ካርድ ለሕዝብ አለመከፈቱ ስኬት ነው። ለእንዲህ ያለው መረጃ ጥያቄው «ክፍት ነው ወይ» ሳይሆን «የሚገባው ሐኪም በሚገባው ጊዜ ያገኘዋል ወይ፣ የማይገባው ሰው ከፍቶት ያውቃል ወይ» የሚለው ነው። ለዚህ የመግቢያ መዝገብ መኖሩንና መመርመሩን መዝኑ።

ደረጃ ራሱ ግብ ሲሆን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ነጥብ የሚሰጥበት «በድረ ገጽ ላይ የተጫነ የመረጃ ስብስብ ብዛት» ከሆነ፣ አንዱ ሠንጠረዥ በወርና በአካባቢ ተቆራርጦ 200 ፋይል ሆኖ ይጫናል። የዓለም ባንክ አገሮችን በደረጃ ያወዳድርበት የነበረውን የንግድ ሥራ ምቹነት ዘገባውን በመስከረም 2021 ያቋረጠው በ2018 እና በ2020 እትሞቹ ላይ የመረጃ መዛባት ከተገኘ በኋላ ነበር። ስለዚህ ለኪውና ተለኪው ተቋም በአንድ አለቃ ሥር አይሁኑ፤ የጥሬ ውጤቱ ሠንጠረዥም፣ ስሌቱም ማንም መልሶ ሊያሰላው በሚችል መልክ ይውጣ። የመረጃ አጠቃቀምን የሚለካ ዘገባ የራሱን መረጃ በተቆለፈ ፒዲኤፍ ካወጣ የመጀመሪያው ዜሮ ለራሱ ይገባዋል።

አሠራር ስትለውጡ ደግሞ፣ መለወጣችሁም አይቀርም፣ ያለፈውን ዓመት በአዲሱም በአሮጌውም አሠራር አስልታችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አትሙ። ያለዚህ የስሌት ለውጥ የአገር ለውጥ መስሎ ይነበባል።

«ለመሆኑ በገንዘብ ሲተመን ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ከገንዘብ ሚኒስቴር በኩል መምጣቱ አይቀርም። በመጋቢት 2025 የጸደቀው፣ አገሮች ጠቅላላ ምርታቸውን የሚያሰሉበት አዲሱ ዓለም አቀፍ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት ዳታን ራሱን እንደ ተመረተ ሀብት ይቀበለዋል፤ አብዛኛው ዳታ ገበያ ላይ ስለማይሸጥ የሚተመነው ለማምረት በወጣው ወጪ ድምር ነው። ይህ የወጪ ልክ ነው፣ የጥቅም ልክ አይደለም፤ በብዙ ወጪ ተሰብስቦ ማንም ያልከፈተው መዝገብ በዚህ ስሌት ትልቅ ሀብት ነው። ጥቅሙን ለማየት አንድ የተወሰነ ስብስብ ይዛችሁ ከመከፈቱ በፊትና በኋላ ያለውን አወዳድሩ። ዴንማርክ የአድራሻ መረጃዋን በ2002 በነጻ ከከፈተች በኋላ የተሠራ ግምገማ ከ2005 እስከ 2009 የነበረውን ቀጥተኛ ጥቅም 62 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ወጪውን 2 ሚሊዮን ገደማ አድርጎ አስልቷል። የአሜሪካው ላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ደግሞ በሽያጭ ዘመን ብዙ በተሸጠበት በ2001 እንኳ 25,000 ያህል ብቻ ነበር የወጡት፤ በ2008 መጨረሻ ነጻ ከሆኑ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ወረዱ። ሳተላይቱም ምስሉም ያው ነው፤ የተከፈተው ሦስተኛው በር ብቻ ነው።

ሰውም ጊዜም ካጠራችሁ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ሦስቱን ብቻ ሥሩ፦ የ40 ስብስቦች ቆጠራ ከዕድሜያቸው ጋር፣ የ50 ጥያቄዎች ሙከራ፣ የ73 ወይም የ96 ውሳኔዎች ክትትል። አሁን በእጃችሁ ያለውን የስልክና የኢንተርኔት ቁጥር አትጣሉት፤ «የማድረሻ መሣሪያ» በሚል ርዕስ በተለየ ሠንጠረዥ አስቀምጡት፣ ከአጠቃቀሙ ውጤት ጋር ግን አትደምሩት። የውሳኔ ናሙናውን ከማውጣታችሁ በፊት የውሳኔዎቹ ሙሉ ዝርዝር የትኛው መዝገብ ቤት እንደሚገኝ አሁኑኑ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ዝርዝሩ ከሌለ ወይም በወራት ካልመጣ ያንን ራሱን ከነቀኑ በዘገባው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩት።